የማይሰማ አጃቢ

እ.ኤ.አ. በ1977 ዋልያስ ባንድ «ቸ በለው» የተሰኘውን ሸክላ ሲያወጣ ኪቦርዱ ላይ ኃይሉ መርጊያ፣ ድራሙ ላይ ተማረ ሐረጉ ነበሩ። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1985፣ ጋሽ ኃይሉ በስደት ከሚኖሩባት ዋሽንግተን «ሸሞንሟናዬ» የተባለውን ሥራ አወጡ። አኮርዲዮኑም፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖውም፣ ሲንተሳይዘሩም በእሳቸው እጅ ነው። ድራመር ግን የለም። ምቱን የያዘው ድራም ማሽን ነው።

ሁለቱን አከታትላችሁ ስሟቸው። ሁለቱም ያምራሉ፤ ሁለቱም ላይ ምቱ አይዛነፍም። የሚለያዩት በአንድ ነገር ነው። በመጀመሪያው ኪቦርዱ አንድ ነገር ሲል ከኋላው የሚሰማው ሰው አለ። በሁለተኛው ኪቦርዱ ቢያዝንም፣ ቢቀልድም፣ ቢያመነታም ማሽኑ መንገዱን ይቀጥላል።

ጥያቄዬ ከዚህ ይነሣል። ምት የሚጠብቅልን፣ ግን የማይሰማን ነገር፣ አጀበን ማለት ይቻላል? ነገሩ የሙዚቃ ብቻ ቢሆን ለሙዚቀኞች እንተወው ነበር። ዛሬ ግን ከብዙዎቻችን ጎን ያለው እንዲህ ያለ አጃቢ ነው፤ ሰዓቱን የሚያውቅ፣ የማይደክም፣ ሁልጊዜ ዝግጁ የሆነ፣ እኛን ግን የማይሰማ። ስለዚህ የሚሰማ አጃቢ ምን እንደሚሰጠን፣ የማይሰማው ደግሞ ምን እንደሚነሣን ማወቅ ለሁላችንም ይጠቅማል።

ምት መጠበቅ እና መስማት

ድራመር ምን ይሠራል ብላችሁ ብትጠይቁ ብዙ ሰው «ምት ይጠብቃል» ይላችኋል። እውነት ነው፤ ግን ሥራው ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማሽኑ ከየትኛውም ድራመር ይበልጥ ነበር። አይደክምም፣ አይዘገይም፣ ሞቅ ሲለው አይሮጥም።

እስቲ ችክችካን እንውሰድ። ስሙ የወጣው ከድምፁ ነው። ስድስት ምት አለው፤ ስድስቱን ሦስት ሦስት አድርጋችሁ ብትከፍሉት ሁለት እርምጃ፣ ሁለት ሁለት አድርጋችሁ ብትከፍሉት ሦስት እርምጃ ይሆናል። ጎበዝ ድራመር ሁለቱንም ይዞ ይሄዳል። ዘፋኙ ወደ አንዱ ሲያዘነብል ወይ አብሮት ያዘነብላል፣ ወይ ሆን ብሎ በሌላው ላይ ይቆይና ያጓጓዋል። የትኛውን እንደሚያደርግ ቀድሞ አልወሰነም። የሚወስነው ሲሰማ ነው።

የጃዝ ድራም ታሪክም በአብዛኛው የዚህ ነገር ታሪክ ነው። ድሮ የዳንስ ሙዚቃ ድራመር በእግሩ ትልቁን ከበሮ እኩል እኩል እየረገጠ ምቱን ይጠብቅ ነበር። በ1940ዎቹ ኬኒ ክላርክ የተባለው አሜሪካዊ ድራመር ምት መጠበቁን ከእግሩ አንሥቶ በቀኝ እጁ ወደሚመታው ሲምባል አዛወረው። እግሩ ነፃ ወጣ። የግራ እጁም እንደዚሁ። ነፃ የወጡት እጅና እግር መመለስ ጀመሩ፤ ፒያኖው ወይም ሳክስፎኑ አንድ ነገር ሲናገር ከበሮው ያልጠበቀው ቦታ ላይ ዱብ ይልበታል። «ሰምቼሃለሁ» ማለት ነው። አንዳንዴም «እርግጠኛ ነህ?» ማለት ነው።

እኛ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። አማርኛ ሙዚቃ መጫወትንም ወሬ ማውጋትንም በአንድ ቃል ነው የሚጠራው፦ ጨዋታ። ማሲንቆ እንጫወታለን፤ ቡና ላይም ቁጭ ብለን እንጫወታለን። አዝማሪ ቤት ግጥም ሊሰጥ የተነሣ ሰው አዝማሪውን «ተቀበል!» ይለዋል። አዝማሪው ይቀበላል፤ ሲመልሰው ግን እንደ ካሴት አይደግመውም። ይጠመዝዘዋል፣ ያሳምረዋል፣ አንዳንዴም በሰጪው ላይ ያዞረዋል። የሠርግ ዘፈናችንም አውጪና ተቀባይ አለው። ተቀባይ ከሌለ ዘፈኑ አይቆምም። ተቀባይ ማለት ደግሞ የሰማ ሰው ማለት ነው።

ዋልያስ በሂልተን ሆቴል ለዓመታት ሲጫወቱ በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ነበር። ከሰዓት በኋላ መውጣት ስለማይቻል ታዳሚው እዚያው ያነጋል፣ ባንዱም አብሮ ይጫወታል። እንዲህ ያለውን ሌሊት አስቡት። አንድ ዓይነት ሰው አንድ ዓይነት ስሜት ይዞ እስከ ንጋት አይቆይም። ይጨፍራል፣ ይደክማል፣ ይተክዛል፣ ደግሞ ይነሣል። ያን ሁሉ ሰዓት የሚጫወት ባንድ ከሰዓቱ ይልቅ ሰዉን ማንበብ አለበት።

የሠርጉ ኪቦርድ

አሁን ወደ እኛ ሰፈር እንምጣ። ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፤ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ያሉ፣ አዲስ አበባን የከበቡ ከተሞች። ቅዳሜና እሑድ በሠርግ ወቅት ብታልፉ ድንኳን ታያላችሁ፣ ሞንታርቦ ትሰማላችሁ። ድንኳኑ ውስጥ ብዙ ጊዜ ወይ ዲጄ አለ፣ ወይ አንድ ዘፋኝና አንድ ኪቦርዲስት። ድራሙ፣ ቤዙ፣ አንዳንዴም የነፋስ መሣሪያው ሁሉ ኪቦርዱ ውስጥ ነው። ቁልፍ ሲጫን ችክችካ ይመጣል፤ ሌላ ሲጫን የኦሮምኛ ምት ይመጣል፤ ሌላ ሲጫን ጉራጊኛ።

ይህን መውቀስ ቀላል ነው። ግን ፍትሐዊ እንሁን። አንድ ቤተሰብ ድንኳን፣ ምግብ፣ መኪናና ልብስ ከፍሎ ሲያበቃ ለስድስት ሙዚቀኛ የሚከፍለው ከየት ያመጣል? ድራመሩስ መሣሪያውን በምን ይዞ ይመጣል? ጊታር በትከሻ ይሄዳል። ድራም ግን በሱሉልታ ሚኒባስ የሚጫን ዕቃ አይደለም። ልምምዱም ቢሆን እንደዚያው። ግድግዳ በሚጋሩበት የኪራይ ክፍል ውስጥ ድራም የሚለማመድ ተከራይ ወሩን አይጨርስም። «ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» የሚለው ተረት ድራም ለመግዛት ላሰበ ወጣት በእጥፍ እውነት ነው።

በዚህ ላይ ድራመር በቅርበት የሚታይባቸው ቦታዎች ከእኛ ሩቅ ናቸው፤ ያሉትም አይበረክቱም። ጃዝአምባ በጥር 2007 ዓ.ም. ከጣይቱ ሆቴል ጋር በእሳት ወደመ። ፈንድቃ በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ መንደር ሲፈርስ ከኖረበት ቦታ ተነሣ። ክፍት የሆነ ቤት ቢገኝ እንኳ ጥሩው ሙዚቃ የሚጀምረው ወደ ቡራዩ የመጨረሻው ታክሲ ከሄደ በኋላ ነው። ስለዚህ ብዙዎቻችን የድራምን ድምፅ ሺህ ጊዜ ሰምተን፣ ድራመርን ግን በጣት የሚቆጠር ጊዜ አይተን አድገናል።

ይህ ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ አንድ ነገር እናስብ። በዚያ ድንኳን ውስጥ የሙሽራዋ አያት ለመጨፈር ተነሡ እንበል። ሰው እልል ይላል፣ ክብ ይሠራል። እናቴ በጉልበታቸው እንጂ በምቱ ልክ አይደለም የሚረግጡት፤ ትንሽ ዘግየት ይላሉ። ከፊታቸው የተቀመጠ ከበሮ መቺ ቢኖር ያያቸው ነበር። ሳይታወቅ ምቱን ያለዝብላቸው ነበር። ሲበረቱ አብሯቸው ይበረታል፣ ሲቆሙ በአንድ ምት ያስቀምጣቸዋል። ጭፈራው የእሳቸው ይሆን ነበር። ኪቦርዱ ግን ከተሞላበት ፍጥነት ንቅንቅ አይልም። ኪቦርዲስቱ ደግ ሰው ቢሆን እንኳ ሁለት እጁ ተይዟል። እናቴ ከምቱ ጋር ለመድረስ ይሞክራሉ፣ ያቅታቸዋል፣ ይስቁና ይቀመጣሉ። ማንም አልበደላቸውም። ግን ማንም አልጠበቃቸውም።

ገንዘብ ለመቆጠብ ስንል የምንተወው ይህንን ነው። ድምፁን አይደለም፤ ድምፁ አለ፣ እንዲያውም ከሰው ይበልጥ ይጮኻል። የምንተወው መጠበቅን ነው።

ደብዳቤውም ፍቅር ነው

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ «ታዲያ ጋሽ ኃይሉ በ1985 ያደረጉት ምንድን ነው? እሳቸውስ ድራመርን በማሽን አልተኩም?» ቢለኝ እውነት አለው። ዋልያስ በ1980ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ሄዶ ከተጫወተ በኋላ ከባንዱ የተወሰኑት እዚያው ቀሩ፤ ጋሽ ኃይሉ አንዱ ናቸው። በ1985 በአጠገባቸው የነበረው አኮርዲዮን፣ ትዝታና ማሽን ነው። ድራመር ስላልነበረ ዝም ይበሉ ነበር? ዝም ቢሉ እኛ ያን ውብ ሥራ አናገኘውም ነበር።

በዚያ ላይ ማሽን ሁልጊዜ ደንቆሮ ነው ማለትም አይቻልም። የዲትሮይቱ የሂፕሆፕ አቀናባሪ ጄ ዲላ ማሽኑ ምቶቹን በራሱ እንዳያስተካክል አጥፍቶ በጣቱ እየመታ፣ ከምቱ ትንሽ ቀደም ወይም ዘግየት እያደረገ ያስቀምጣቸው ነበር። ዛሬ ሰበታ ውስጥ በላፕቶፕ ሌሊቱን ቢት ሲሠራ የሚያድረው ልጅም ያንኑ ያደርጋል፤ አንዱን ምት ሃያ ጊዜ እየሰማ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ይገፋዋል። ይህ መስማት ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

መስማት ነው። ግን ጊዜው ይለያል። የቢት ሠሪው ጆሮ ቀድሞ ሰምቶ ጨርሷል። ቢቱ ከእጁ ከወጣ በኋላ ማን ይዘፍንበት፣ ማን ይጨፍርበት፣ ማን ያልቅስበት አያውቅም። እንደ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤ ውስጥ ፍቅር ሊኖር ይችላል፤ የጻፈው ሰው ስለ እኛ ብዙ አስቦ ሊሆን ይችላል። ስናነበው ብናለቅስ ግን ደብዳቤው አያየንም። «ሸሞንሟናዬ»ን የምሰማው እንደዚህ ነው። ከሩቅ አገር የተላከ ደብዳቤ ነው፤ ደብዳቤ መላክ ብቻ የሚችል ሰው የላከው። ማሽኑ እዚያ ውስጥ ምንም አያሳፍርም።

ችግሩ የሚመጣው ደብዳቤን ከጨዋታ ስንቀላቅል ነው። ሠርግ ሰው በአካል የሚገኝበት ቦታ ነው። ልቅሶም እንደዚያው። አልቃሽ ያለባትን ለቅሶ ያየ ሰው ይህን ያውቃል፤ አልቃሿ ዓይኗ በሐዘንተኛው ላይ ነው፣ የምትለው ከፊቷ ካለው ሰው ይነሣል። በእንዲህ ያለ ቦታ የማይሰማ አጃቢ ማስቀመጥ ቤታችን የመጣን እንግዳ ደብዳቤ ሰጥቶ እንደመሸኘት ነው።

በከተሞቻችን ሰው ከበሮው ላይ የቀረባቸው ቦታዎች በአብዛኛው የጸሎት ቤቶች መሆናቸው በአጋጣሚ አይመስለኝም። በማሕሌት ላይ ከበሮ መቺው መዘምራኑን እያየ ነው የሚመታው፤ ወረቡ በዝግታ ይጀምርና እየደመቀ ይሄዳል፣ መቼ እንደሚነሣ በሰዓት አልተቆረጠም። በብዙ የፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናትም መዝሙር መሪው አንዱን አዝማች አሥር ጊዜ ሊደጋግመው ይችላል፤ ድራመሩ ዓይኑን ከእሱ ካነሣ አለቀለት። ጸሎት መቼ እንደሚያበቃ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ የሚሰማ ሰው ያስፈልጋል።

መብራትና አሯሯጭ

ሱሉልታ ለሩጫ ትታወቃለችና ከዚያም አንድ ምሳሌ ልውሰድ። በሱሉልታ ሜዳ ጠዋት የሚሮጡ ቡድኖችን አይታችሁ ከሆነ ተከታትለው፣ አንዱ የሌላውን እግር እየተከተለ ነው የሚሮጡት። ፊት ያለው ጫማው ብቻ አይደለም የሚሠራው፤ ጆሮውም ይሠራል። ከኋላው ያለው ትንፋሽ ሲከብድ ይሰማዋል።

ለተሰንበት ግደይ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2020 ቫሌንሲያ ላይ 5 ሺህ ሜትርን በ14 ደቂቃ ከ06.62 ሰከንድ ሮጣ ከ2008 ጀምሮ በጥሩነሽ ዲባባ የተያዘውን የዓለም ክብረ ወሰን ስትሰብር በመሮጫው ውስጠኛ ጠርዝ ላይ የተደረደሩ መብራቶች በተፈለገው ፍጥነት እየበሩ ይቀድሙ ነበር። መብራቱ ጠቅሟል፤ ማንም ሰው በዚያ ልክ አይዛነፍም። ግን መብራቱ ለተሰንበትን አያውቃትም። ብትወድቅ ይቀጥል ነበር። አሯሯጭ ግን ዞር ብሎ ያያል። የአሯሯጭ ውለታ ፍጥነቱ ብቻ አይደለም፤ ስለ አንተ ብሎ ፍጥነቱን ሊቀይር የሚችል መሆኑ ነው።

እኔ የምደርስበት ሐሳብ ይህ ነው። አጃቢ ማለት ምት የሚጠብቅ ማለት አይደለም፤ በአንተ ምክንያት ሊለወጥ የሚችል ማለት ነው። ሊለወጥ የማይችል ነገር መሪ ወይም መሣሪያ ሊሆን ይችላል፣ ጓደኛ ግን አይሆንም። ወይ እሱ ይጎትትሃል፣ ወይ አንተ ታዘዋለህ።

ይህ ሲሆን የሚጎዳው ድራመሩ ብቻ ቢሆን ነገሩ የሥራ ማጣት ጉዳይ ብቻ ይሆን ነበር፤ ያም ራሱ ቀላል አይደለም። ግን እኛም እንጎዳለን። ፒያኒስቱና የሙዚቃ ደራሲው ቴሎኒየስ መንክ በ1960 ከእሱ ጋር ይጫወት ለነበረው ሳክስፎኒስት ስቲቭ ሌሲ ከሰጠው ምክር አንዱ፣ ድራመር አለመሆን ምት ከመጠበቅ ነፃ አያወጣም የሚል ነበር። ሌሲ በማስታወሻው አስፍሮታል። ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ምቱ የሁሉም ነው። ድራመሩ ሰው ሲሆን ሊሳሳት ስለሚችል ሌሎቹም ይጠብቁታል፤ እሱ እነሱን ይሰማል፣ እነሱም እሱን። ማሽን ሲሆን ግን ኃላፊነቱ ተላልፎ አለቀ። ማንም ማንንም መጠበቅ አያስፈልገውም። ቀስ በቀስ መጠበቅ ራሱ ይረሳል። እኛን ከማይሰማ ነገር ጋር ብዙ ስንውል እኛም መስማት እንተዋለን።

ሰውየው ተመለሰ

የጋሽ ኃይሉ ታሪክ በ1985 አላበቃም። ለብዙ ዓመታት በዋሽንግተን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ነዱ፤ ኪቦርድ በመኪናቸው ይዘው፣ ተሳፋሪ እስኪመጣ ይለማመዱ ነበር። በ2013 «ሸሞንሟናዬ» በአዲስ መልክ ታትሞ ዓለም ሲያገኛቸው እንደገና መድረክ ላይ ወጡ። ያን ጊዜ ማሽኑን ይዘው መዞር ይችሉ ነበር፤ ዝናውን ያመጣላቸውም የማሽን ሥራ ነው። እሳቸው ግን ከድራመርና ከቤዝ ተጫዋች ጋር በሦስት ሰው መጫወትን መረጡ።

በ2018 «ላላ በሉ» ሲወጣ ድራሙ ላይ የአውስትራሊያው ቶኒ በክ ነበር። በ2020 «የኔ ምርጫ» ላይ ኬኔት ጆሴፍ ድራም፣ አለምሰገድ ከበደ ቤዝ ተጫወቱ። እነዚሁ ሁለቱ በ2016 ብሩክሊን ውስጥ ከጋሽ ኃይሉ ጋር የተጫወቱት ኮንሰርትም በ2023 ታትሟል። እዚያ ላይ ኪቦርዱ ሐሳቡን ሲያዘገይ ከበሮው ቦታ ሲለቅለት፣ ሲነሣ ደግሞ ከሥሩ ሲገፋው መስማት ትችላላችሁ። በሰባዎቹ ዕድሜ ያሉ ሰው ከእሳቸው ቋንቋ ውጪ ካደገ ድራመር ጋር ሲጫወቱ ነው፤ ሁለቱም ጨዋታውን ያውቁታል።

«ላላ በሉ» የሚያልቀው ግን በሚገርም ነገር ነው። «የፍቅር እንጉርጉሮ» ላይ ድራምም ማሽንም የለም፤ ፒያኖ ብቻ ነው። ቢሆንም ምቱ አልጠፋም። ይዘገያል፣ ይጠብቃል፣ ይመለሳል። ያ ምት ብቻቸውን የፈጠሩት አይመስለኝም። ከእነ ተማረ ሐረጉ ጋር ካነጉባቸው ሌሊቶች በእጃቸው የቀረ ነው። ሰሚ ጋር ብዙ የተጫወተ ሰው ብቻውን ሲቀርም ሰሚ አያጣም።

ለእኛስ? የሠርጉን ኪቦርድ አውጥተን እንጣል አልልም፤ አቅማችን የታወቀ ነው። ግን አንድ ከበሮ ወይም አንድ ድቤ ከኪቦርዱ ጎን ለማስቀመጥ ድንኳን አይጠብም፤ ሰፈሩ ውስጥ መምታት የሚችል ልጅ አይጠፋም። ለአንድ ሰዓት ኪቦርዱ ዝም ይበልና እሱ ይምታ። ክፍያውም ይታሰብለት። ሙዚቃ ስንሰማም ድራም ላይ ማን እንዳለ ፈልገን ስሙን እንይ። እናቴ ሊጨፍሩ ሲነሡ ደግሞ ከበሮው ላይ ያለው ልጅ ቀና ብሎ እግራቸውን ይይ።